አዲስ ድርሰት የሚታይበት አንድ ክፍል

ገበሬ ለዘር ብሎ ያስቀመጠውን እህል ወራቱ ሲደርስ አውጥቶ ካልዘራው ነቀዝ ይበላዋል፤ ነቀዝ የበላው እህል ደግሞ ለዘርም ለእንጀራም አይሆንም። እኛም ዛሬ በዚህ ርእሰ አንቀጽ ልንናገርለት የተነሣነው በየሻንጣው ተቆልፎ ነቀዝ ሊበላው ስለ ተቃረበ ዘር ነው፤ ይኸውም ጓደኞቻችን ሌሊት ሻማና ባትሪ እያበሩ የሚጽፉት፣ ነገር ግን መድረክ ሳያይ የሚቀረው የቴአትር ድርሰት ነው።

ውድ አንባብያን እንደምታውቁት፣ በሚመጣው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ ከመመገቢያ አዳራሹ በስተጀርባ ያለው አሮጌ የዕቃ ክፍል ለምን አገልግሎት ይዋል የሚለው ነው። አንዳንድ ወንድሞቻችን ክፍሉ ለሻይ ቤት ተከራይቶ ለማኅበሩ ገቢ ያምጣ ይላሉ። ሌሎች የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወቻ ይሁን ይላሉ። ሦስተኛው ሐሳብ፣ በጥቂት ተማሪዎችና በሁለት መምህራን ፊርማ የቀረበው፣ ክፍሉ አዲስ ድርሰት ብቻ ለሚያሳይ አነስተኛ የቴአትር ማኅበር ይሰጥ የሚል ነው። እኛ ይህን ሦስተኛውን ሐሳብ እንደግፋለን። የምንደግፍበትንም ምክንያት፣ የሚቀርብብንን ተቃውሞ ሳንሸሽግ፣ ከዚህ በታች እናስረዳለን።

ነገሩን ከሩቅ አንጀምረው። ባለፈው መንፈቀ ዓመት አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እኅታችን በደብተር የጻፈችውን ባለ ሦስት ክፍል ቴአትር በሴቶች መኝታ ቤት ለጓደኞቿ አንብባላቸው ነበር። ታሪኩ እናታቸው ከሞተች በኋላ በአንዲት የኮንዶሚኒየም ቤት ምክንያት ስለሚካሰሱ ወንድምና እኅት ነው። አልጋ ላይ ተደራርበው የተቀመጡት አድማጮች በመጀመሪያው ክፍል ሳቁ፤ በሁለተኛው ዝም አሉ፤ በሦስተኛው ግን አንዳንዶቹ ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። ምክንያቱም ደራሲዋ ጠቡን የምትጨርስበት መንገድ ስላጣች አንድ ሽማግሌ ከውጭ አስገብታ ረጅም ምክር አስነግራቸዋለች። እርሷም ራሷ እዚያ ስትደርስ ድምፅዋ እየቀነሰ መሄዱን እንዳስተዋለች ነግራናለች። ከዚያ በኋላ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደብተሩ ተመልሶ ሻንጣ ውስጥ ገባ።

እንግዲህ የሦስተኛውን ክፍል ጉድለት ምን ሊያስተካክለው ይችል ነበር? ምክር አይደለም፤ ምክርማ ሞልቶ ነበር። ሌላ መጽሐፍ ማንበብም ብቻውን አይበቃም። ቅኔ በጽሑፍ ሊያልቅ ይችላል፤ ልብ ወለድም እንዲሁ። ቴአትር ግን በጠረጴዛ ላይ አያልቅም። ሁለት ሰዎች ቆመው ሲነጋገሩት፣ አንደኛው ለመውጣት በር ሲፈልግ፣ ሌላኛዋ የምታደርገውን አጥታ እጅዋን ስታፋትግ፣ ያን ጊዜ ደራሲው የቱ ቃል ትርፍ እንደ ሆነና የቱ ዝምታ እንደ ጎደለ ያያል። ልብስ ሰፊ ልብሱን ሰው ላይ ሳይለካ እንደማይጨርስ፣ ቴአትር ጸሐፊም ድርሰቱን ተጫዋች ላይ ሳይለካ አይጨርስም። ስለዚህ መድረክ የሌለው ደራሲ እንዲያው ዝና ያጣ ሰው ብቻ አይደለም፤ የሚማርበት ቤት ያጣ ተማሪ ነው።

ይህ ሐሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ እንዲያውም የኢትዮጵያ ቴአትር የተጀመረው በትንሽ ቦታና በአዲስ ድርሰት ነው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰታቸውን ባሳዩ ጊዜ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ቴአትር ቤት በአዲስ አበባ አልነበረም፤ ጨዋታው የታየው በአንድ ሆቴል ውስጥ ነው። ከዚያም በኋላ ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን የመሳሰሉት ሰዎች መምህራን ነበሩ፤ ተጫዋቾቻቸውም የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። የአገር ፍቅር ማኅበር የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የተከፈተው ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ትልልቆቹ ቤቶች የመጡት ድርሰቱና ተጫዋቹ በየትምህርት ቤቱና በየአዳራሹ ከበቀለ በኋላ መሆኑን ልብ እንበል። በ1950ዎቹም የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን አዲስ ግጥሞቻቸውን በሕዝብ ፊት ቆመው ሲያነቡ፣ አስቀድሞ ዝና ያገኘ ባለቅኔ አልጠበቁም፤ ያን ሌሊት የጻፉትን ይዘው ወጡ እንጂ።

ትልልቆቹን ቴአትር ቤቶች ልንወቅስ አልተነሣንም። እነርሱ ሰፊ አዳራሻቸውን መሙላት አለባቸው፤ የሠራተኛ ደመወዝ አለባቸው፤ ስለዚህ ስሙ ያልታወቀ ሰው የጻፈውንና ገና ያልተፈተነውን ድርሰት እንደ ልባቸው ሊቀበሉ አይችሉም። ብዙ ወንበር ያለው ቤት መሳሳትን ይፈራል፤ ቢፈራም አይፈረድበትም። መሳሳት የሚችለው ትንሽ ቤት ነው። የሐሳባችን ሁሉ መሠረት ይህ ነው፤ አዲስ ድርሰት የሚፈልገው ታላቅ ሕንጻ ሳይሆን ያለ ከባድ ኪሳራ የሚወድቅበት ስፍራ ነው።

ለዚህ ከውጭ አገር ሁለት ምስክሮች እንጥራ። የመጀመሪያው የለንደኑ ሮያል ኮርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ጆርጅ ዴቪን የተባለው የቴአትር ሰው በዚያ ቤት የደራስያን ቴአትር የሚሆን ማኅበር ሲያቋቁም፣ አዲስ ድርሰት ያለው ሁሉ ይላክልን ብሎ በጋዜጣ አስነግሮ ነበር። ከመጡለት ብዙ መቶ ድርሰቶች መካከል ለመድረክ በቅቶ የተገኘው የጆን ኦዝቦርን ድርሰት እንደ ነበረ ይነገራል። ይህም ድርሰት ቢሆን በታየባቸው የመጀመሪያ ሳምንቶች አዳራሹን አልሞላም፤ ጋዜጦችም ተከፋፍለው ነበር። ሰው የጎረፈው ቆይቶ ከጨዋታው ጥቂቱ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። ዴቪን በሦስተኛው ቀን መጋረጃውን ቢያወርድ ኖሮ፣ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚጠናው ያ ቴአትር ከደራሲው ሻንጣ አይወጣም ነበር።

ከዚህ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመን ያው ቤት እ.ኤ.አ. በ1957 የጀመረው የእሑድ ማታ ልማድ ነው። በእሑድ ማታ አንድ አዲስ ድርሰት በሚገባ ከተጠና በኋላ ያለ ጌጥና ያለ መድረክ ሥዕል ይታይ ነበር። ወጪው ጥቂት ነው፤ ቢበላሽም ሰኞ ጠዋት ቤቱ በሩን ይከፍታል። ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ናይጄሪያዊው ወሌ ሾይንካ በወጣትነቱ በዚያ ቤት የሚመጡ ድርሰቶችን ያነብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1959ም የራሱ ድርሰት እንዲሁ በአንድ እሑድ ማታ ታይቶለታል። የእኛም ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በዚያው ዘመን ለትምህርት አውሮጳ ሄዶ በሮያል ኮርት ከቴአትር ሥራ ጋር ተዋውቋል። ስለዚህ ያች ትንሽ ቤት ለአፍሪካ ደራስያንም ባዕድ አልነበረችም።

ሁለተኛው ምስክር ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 በማሳቹሴትስ ጠረፍ በምትገኘው ፕሮቪንስታውን በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ ለእረፍት የመጡ ወዳጆች የራሳቸውን ድርሰት በአንድ ሰው ቤት አሳዩ፤ ቀጥለውም በባሕሩ ዳር የነበረውን አሮጌ የዓሣ መጋዘን መድረክ አደረጉት። በተከታዩ ዓመት በጋ አንድ ማንም የማያውቀው ወጣት ስለ መርከበኞች የጻፈውን አጭር ድርሰት ይዞ መጣ። ስሙ ዩጂን ኦኒል ነበር። የዚያ መጋዘን ግድግዳ ሳንቃ ነበር፤ ከሥሩም ባሕር ነበር። ኦኒል እ.ኤ.አ. በ1936 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ነገር ግን የዚያ ማኅበር ፍጻሜ ከጅማሬው ይልቅ ያስተምረናል። ማኅበሩ ወደ ኒው ዮርክ ከሄደ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1920 ከድርሰቶቹ አንዱ እጅግ ተወደደና ወደ ትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች ተወሰደ። ከዚያ ወዲያ አባላቱ ያልታወቀ ሰው ከመፈለግ ይልቅ ያንኑ ዓይነት ስኬት መልሰው ማግኘት ተመኙ፤ ተከፋፈሉም፤ የመጀመሪያዎቹ መሥራቾች ሥራ እ.ኤ.አ. በ1922 ቆመ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ማኅበር ኪሳራ ብቻ አይደለም የሚያፈርሰው፤ ምን ሊሠራ እንደ ተቋቋመ ከረሳ ጭብጨባም ያፈርሰዋል። ስለዚህ የማኅበሩ ደንብ ገና ከመጀመሪያው በቁርጥ መጻፍ አለበት።

ደንቡ ምን ይሁን? ሐሳብ ያቀረቡት ጓደኞቻችን ከተናገሩት ላይ የራሳችንን ጨምረን የሚከተለውን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ማኅበሩ ከዚህ በፊት በመድረክ ያልታየ ድርሰት ብቻ ያሳይ። ድርሰቱ በአማርኛ ይሁን፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ የአገራችን ቋንቋ ይሁን፣ የሚያጠናውና የሚጫወተው ሰው እስካለ ድረስ በሩ ይከፈትለት። ሁለተኛ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ምሽት የንባብ ምሽት ይሁን፤ ድርሰት ያለው ሁሉ ይምጣ፤ ተጫዋቾች ተቀምጠው ያንብቡለት፤ እርሱም ዝም ብሎ ያዳምጥ። ሦስተኛ፣ ከተነበቡት መካከል በዓመት አራቱ ተጠንተው ለሁለት ሁለት ምሽት ይታዩ። አራተኛ፣ ዕቃው አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ መጋረጃና ሁለት መብራት ብቻ ይሁን፤ ከዚህ በላይ የሚፈልግ ድርሰት ለጊዜው ሌላ ቤት ይፈልግ። አምስተኛ፣ ደራሲው ከልምምዱ አይለይ፤ ድርሰቱን ማረም መብቱም ግዴታውም ይሁን፤ የድርሰቱም ባለቤትነት የእርሱ ይሁን እንጂ የማኅበሩ አይሁን። ስድስተኛ፣ ልምምዱ የግቢው በር ከመዘጋቱ በፊት ይጠናቀቅ፤ እንዲህ ካልሆነ እኅቶቻችን ከሥራው ይቀራሉ፤ የሴቶቹም ቦታ በወንዶች ይሸፈናል፤ ይህ ደግሞ ገና ሳይጀመር መውደቅ ነው።

ስለ ገንዘቡም እንናገር። የመግቢያው ዋጋ ከአንድ ስኒ ቡናና ከአንድ ሳምቡሳ ዋጋ አይበልጥ። ከዚያ የቀረው በዕድር ሥርዓት ይሁን፤ አባል የሆነ ሁሉ በወር በወር ጥቂት ያዋጣ፤ ገንዘብ ያዥ ይመረጥ፤ ሒሳቡ በዚህ ጋዜጣ ላይ በየመንፈቁ ይገለጥ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ የአንድ ድርሰት ኪሳራ በብዙ ሰው ትከሻ ላይ ሲያርፍ አይሰማም። ከአንዱ ድርሰት ትርፍ ቢገኝ ደግሞ ለድግስ ሳይሆን ለሚቀጥለው ድርሰት ይዋል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። አንዳንድ ሰዎች፣ መጥፎ ድርሰት ለማየት ማን ጊዜውን ያጠፋል? የጸጋዬና የመንግሥቱ ለማ ድርሰቶች እያሉ ለምን የጀማሪ ሥራ እናያለን? ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም እነዚያን ድርሰቶች እንወዳለን፤ በትልልቅ መድረክ ደጋግመው እንዲታዩም እንመኛለን። ነገር ግን «ያላቻ ጋብቻ» አንድ ቀን ማንም ያላየው አዲስ ድርሰት ነበር። ጸጋዬም በአምቦ ገና የትምህርት ቤት ልጅ ሳለ ቴአትር ጽፎ ነበር፤ ያን የልጅ ሥራ የሚያይለት ባይኖር ኖሮ ስለ ኋለኛው ሥራው ዛሬ እንናገር ነበርን? አባቶቻችን ለእነርሱ ያደረጉትን እኛ ለጓደኞቻችን መንፈግ የለብንም። ከአራቱ የዓመቱ ድርሰቶች ሦስቱ ደካማ ይሆኑ ይሆናል። ዴቪን ከብዙ መቶ ድርሰት የሚፈልገውን አንድ ካገኘ፣ እኛ ከአራት አንድ ብናገኝ ተጠቅመናል።

ሌሎች ደግሞ ድርሰቱ ከመታየቱ በፊት አሳሳቢ ነገር እንዳይኖርበት በአንድ ኮሚቴ ይመርመር ይላሉ። በዚህ ላይ አቋማችን ግልጽ ይሁን። የንባቡ አባላት፣ ከመካከላቸውም መምህራን፣ አንድ ድርሰት ለመታየት በስሏል ወይስ አልበሰለም ብለው ቢፈርዱ ሥራቸው ነው። የአንድን ግለሰብ ስም እየጠራ የሚሳደብ ጽሑፍም ቴአትር አይደለምና አይቀበሉት። ነገር ግን ይህ ሐሳብ ማንን ያስቀይማል እያለ የሚመረምር ሌላ ኮሚቴ ከተቋቋመ፣ ክፍሉ ለሻይ ቤቱ ቢሰጥ ይሻላል። የአገራችን የመጀመሪያው ቴአትር እንስሳትን እያናገረ የዘመኑን አስተዳደር በመንቀፉ ታግዶ እንደ ነበረ እናውቃለን። ከዚያ እገዳ የተጠቀመ ሰው ካለ እስካሁን አልተነገረንም፤ የተጎዳው ግን ቴአትራችን ነው፤ ገና በሁለት እግሩ ሳይቆም ዓመታት ቆሞ ቀረ። ቴአትር በማን ስም እንደ ተጻፈ በበሩ ላይ ተለጥፎ ይታያል፤ ደራሲውም ከጨዋታው በኋላ በተመልካቹ ፊት ቆሞ ይጠየቃል። ከዚህ የሚበልጥ ኃላፊነት ምን አለ?

ሦስተኛው ተቃውሞ ስለ ገቢው ነው፤ ይህንንም አናቃልለውም። የማኅበሩ ሣጥን ባዶ ለመሆን እንደ ተቃረበ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሻይ ቤቱም በየወሩ ኪራይ ይከፍል ነበር። የታመመ ጓደኛችንን ለማሳከም፣ ዘመድ የሞተበትን ለማስተዛዘን ገንዘቡ ያስፈልጋል። ሆኖም ከግቢው በር ወጥተን ሃምሳ እርምጃ ብንራመድ ሻይ እናገኛለን። አዲስ ድርሰት የሚታይበት ቦታ ፍለጋ ግን ከተማውን ብንዞር በቀላሉ አናገኝም። ሌላ ሰው ሊሠራው የሚችለውን ነገር ለሌላው ትተን፣ እኛ ካልሠራነው የማይሠራውን ነገር እንሥራ የሚል ነው ምክራችን።

ክፍሉ ለዘለዓለም ይሰጥ አላልንም። ለአንድ ዓመት ይሰጥ። በዚያ ዓመት ውስጥ የንባቡ ምሽቶች ካልተካሄዱ፣ አራቱም ድርሰቶች ካልታዩ፣ ሒሳቡም ካልተገለጠ፣ ማኅበሩ ቁልፉን ይመልስ፤ እኛም በዚሁ ገጽ ላይ መሳሳታችንን እንጽፋለን፤ ሻይ ቤቱም ይከፈት። አራቱ ድርሰቶች ግን ጥሩ ስላልነበሩ ብቻ ቁልፉ አይወሰድ። ይህንን ልዩነት ጠቅላላ ስብሰባው በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲያሰፍርልን አጥብቀን እንለምናለን።

ክቡራን መምህራን ሆይ፤ ከእናንተ የምንፈልገው ገንዘብ አይደለም። በንባቡ ምሽት መጥታችሁ እንድትቀመጡ፣ ደካማውን ደካማ ብላችሁ እንድትነግሩን፣ ከመካከላችሁም የመድረክ ሥራ የምታውቁ ልምምዱን እንድትመሩልን ነው። የኤሌክትሪክ ትምህርት የምትማሩ ወንድሞቻችን፣ ሁለቱ መብራቶች እናንተን ይጠብቃሉ። የሒሳብ አያያዝ የምትማሩ እኅቶቻችን፣ መዝገቡ ባዶ ነው። መጻፍም መጫወትም አልችልም የምትሉ ደግሞ፣ ከሁሉ የሚያስፈልገው ሰው እናንተ ናችሁ፤ ስድሳ ወንበር ይኖራል፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በእውነት የሚስቅና በእውነት የሚሰለች ተመልካች ከሌለ ደራሲው ከማን ይማራል?

በመጨረሻም፣ ክፍሉ ከተፈቀደ የመጀመሪያው ንባብ የትኛው ድርሰት ቢሆን እንደምንመርጥ መናገር ይፈቀድልን። ያች እኅታችን ደብተሯን ከሻንጣዋ ታውጣው። ወንድምየውና እኅትየው በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ይቀመጡ፤ የቤቱ ቁልፍ በመካከላቸው ይቀመጥ። ሽማግሌው በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ። መግባት አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን እኛ ከዚህ ሆነን ልንፈርድ አንችልም፤ እርሷም ከመኝታ ቤቷ ሆና ልትፈርድ አልቻለችም። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን በአንድ ምሽት ይታወቃል። በስብሰባው ቀን እጃችንን የምናነሣው ለዚህ ነው፤ እናንተም ከእኛ ጋር እንድታነሡ እንጠይቃለን።